አረንጓዴው አልማዝ፦ ከድሬስደን ቤተ መንግሥት እስከ ላብራቶሪ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገመ ይመጣልኛል። ከሜሪላንድም፣ ከዱባይም፣ ከአዲስ አበባም። «ለቀለበት የሚሆን አረንጓዴ የላብራቶሪ አልማዝ አይቻለሁ፤ ዋጋው ደህና ነው። ግን እውነተኛ ነው? ቀለሙስ የራሱ ነው? ጨረር አለበት የሚባለውስ?» የሚል። አንዷማ አክስቷ ቀለበቷን አይተው «ይሄማ የፋብሪካ ነው» ስላሏት ማድረጉን እንደተወችው ጽፋልኛለች።

ለእያንዳንዳችሁ በሁለት መስመር መመለስ እችል ነበር። ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ታሪኩን ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። ለምን በሉኝ? ነጭ አልማዝ ከመሬት የወጣ ይሁን በላብራቶሪ ያደገ መለየት ዛሬ መሣሪያው ላለው ባለሙያ ብዙም አያስቸግርም። «ይህ አረንጓዴ ቀለም ከየት መጣ?» ሲባል ግን የታወቁት ትልልቅ ላብራቶሪዎች ሳይቀሩ አንዳንዴ «መወሰን አልተቻለም» ብለው ወረቀቱ ላይ ይጽፋሉ። ምክንያቱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ እንጀምር

በየቤታችን፣ በየዘመዱ አንዲት አልማዝ አትጠፋም። ቃሉ በዓረብኛው «አልማስ» በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ «አዳማስ» የሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ የማይበገር፣ የማይሸነፍ ማለት ነው። ድንጋዩ ይህን ስም ያገኘው በጥንካሬው ነው።

ግን ይህ የማይበገር የተባለ ድንጋይ አረንጓዴ የሚሆነው ሲበገር ነው። አረንጓዴው ቀለም የጉዳት ምልክት ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደፊት እመለስበታለሁ።

የድሬስደኑ አረንጓዴ

በዓለም ላይ ትልቁ የታወቀ የተፈጥሮ አረንጓዴ አልማዝ ያለው ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ከተማ ነው። ክብደቱ 41 ካራት ገደማ፣ ቅርጹ እንደ እንባ ጠብታ ነው። ከህንድ እንደመጣ ይታመናል፤ በዚያን ዘመን የዓለም አልማዝ በአብዛኛው የሚወጣው ከህንድ ነበርና። በ1722 አንድ የለንደን ጋዜጣ ስለ አንድ ትልቅ አረንጓዴ አልማዝ ጽፎ ነበር፤ ይኸው ድንጋይ እንደሆነ ይታሰባል። በ1740ዎቹ መጀመሪያ የሳክሶኒ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ኦገስተስ ሦስተኛ ላይፕዚሽ ከተማ በሚቆመው ትልቅ የንግድ ገበያ ከአንድ የሆላንድ ነጋዴ ገዛው። በ1768 ደግሞ ዛሬ የምናየውን መልክ ያዘ፤ ነጫጭ አልማዞች ከበውት የባርኔጣ ጌጥ ሆነ።

የሚቀመጥበት ሙዚየም «አረንጓዴው ግምጃ ቤት» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአልማዙ እንዳይመስላችሁ። የክፍሎቹ ዓምዶች አንዳንድ ክፍላቸው አረንጓዴ ስለተቀባ ነው እንጂ ስሙ ከድንጋዩ ጋር አይገናኝም።

ድንጋዩ ያላየው ነገር የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሽግ ተደብቆ ቆየ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሶቪየቶች ወደ ሞስኮ ወሰዱት፤ በ1958 ለድሬስደን መለሱት። ከዚያ ኅዳር 2019 ላይ ሌቦች ሌሊት ገብተው የጌጣጌጥ ክፍሉን መስታወት በመጥረቢያ ሰብረው ዘረፉት። አረንጓዴው አልማዝ ግን የለም! ለካ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለኤግዚቢሽን በውሰት ሄዶ ነበር። ዕድል ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ወሬው ስለሚጥም ብቻ አይደለም። በ1988 ጂአይኤ የተባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ባለሙያዎች ድሬስደን ድረስ ሄደው ይህን ድንጋይ መርምረዋል። የፈለጉት መለኪያ ነበር፤ «በእርግጠኝነት የተፈጥሮ የሆነ አረንጓዴ አልማዝ ምን ይመስላል?» ለሚለው ጥያቄ። የድሬስደኑ ለዚህ የተመረጠው ስለትልቅነቱ ብቻ አይደለም፤ መዝገብ ስላለው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አረንጓዴ እንደነበር ተጽፏል። በዚያ ዘመን ደግሞ አልማዝን አረንጓዴ ማድረግ የሚችል ሰው ምድር ላይ አልነበረም። እዚህ ላይ የድንጋዩን እውነተኛነት ከሚመሰክሩት ትልቁ ምስክር የታሪክ መዝገብ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ሰው መቼ ቻለ?

የክሩክስ ሙከራ

ቤክሬል የተባለው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት በ1896 ከዩራኒየም የሚወጣውን ጨረር አገኘ። በ1898 ማሪ እና ፒየር ኩሪ ራዲየምን አገኙ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1904፣ ሰር ዊልያም ክሩክስ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት አልማዞችን በራዲየም ጨው ውስጥ ቀበራቸው። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲያወጣቸው አረንጓዴ ሆነዋል። ቢያጥባቸው፣ በአሲድ ቢፈትናቸው ቀለሙ አልለቅ አለ። ቅብ አልነበረምና።

ግን አንድ ችግር ነበር። ድንጋዮቹ ራሳቸው ጨረር የሚያመነጩ ሆኑ። ክሩክስ ለሙዚየም የሰጠው አረንጓዴ አልማዝ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ዛሬ ድረስ ጨረሩ አልጠፋም። «አረንጓዴ አልማዝ ጨረር አለበት» የሚለው ወሬ ከነዚህ የራዲየም ድንጋዮች ነው የመጣው። ወሬው ከባዶ አልተነሳም፤ ግን ዘመኑ አልፎበታል።

በ1940ዎቹ ሳይክሎትሮን የሚባለው ማሽን አልማዝን ቀለም ለመለወጥ ዋለ። ከዚያ የኑክሌር ማብላያ መጣ፤ በመጨረሻም የኤሌክትሮን ጨረር። ዛሬ ለጌጣጌጥ የሚውሉት በአብዛኛው በኤሌክትሮን የተመቱት ናቸው፤ ኤሌክትሮን ድንጋዩ ውስጥ ጨረር ትቶ አይሄድም። በኑክሌር ማብላያ ውስጥ የገቡ የከበሩ ድንጋዮች ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንዲለኩ ሕግ ያስገድዳል። ስለዚህ ከታወቀ ሻጭ፣ ከነወረቀቱ የተገዛ ድንጋይ ጣታችሁ ላይ ስላለ አትስጉ።

አረንጓዴው ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ «ጉዳቱ» ልመለስ። አልማዝ ካርቦን ነው፤ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ የቆመበት ጥብቅ ግንብ። ጨረር ሲመታው አንዳንድ አቶም ከቦታው ይፈናቀላል። የተፈናቀለበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ይህ ባዶ ቦታ ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ይውጣል፤ ወደ ዓይናችን የሚመለሰው ሰማያዊና አረንጓዴው ይሆናል። ድንጋዩ ቀድሞም በናይትሮጅን ምክንያት ትንሽ ቢጫ ከነበረ ደግሞ ልጅ ሆነን በቀለም እንደተማርነው ነው፤ ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቅ አረንጓዴ ይሆናል።

መሬት ውስጥም ነገሩ ያው ነው። አልማዙ ከጥልቅ ወጥቶ ወደ ላይኛው የምድር ክፍል ከተጠጋ በኋላ ዩራኒየም ካለበት ዓለት አጠገብ ለብዙ ዘመን ይቀመጣል። ጨረሩ ቀስ በቀስ ይመታዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ቆዳውን ብቻ ስለሆነ፣ ቆራጩ ሲሞርደው አረንጓዴው ተገፎ ይሄድና ከውስጥ ተራ ድንጋይ ይወጣል። የድሬስደኑን ብርቅ ያደረገው አንዱ ይህ ነው፤ አረንጓዴው እስከ ውስጡ ዘልቋል። የተፈጥሮ አረንጓዴ ዋጋው ሰማይ የሚነካውም ለዚህ ነው። በ2016 «አውሮራ ግሪን» የተባለ 5.03 ካራት ድንጋይ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በጨረታ 16.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

እንግዲህ አያችሁ? ተፈጥሮም ሰውም የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ አቶም ማፈናቀል። ተፈጥሮ በዩራኒየም በረጅም ዘመን፣ ሰው በማሽን በአጭር ጊዜ። ውጤቱ አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ስለሆነ ነው ባለሙያው «መወሰን አልተቻለም» የሚለው።

አልማዝ ማሳደግ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቀለሙ ነው። ድንጋዩን ራሱን ማሳደግስ? ላቮይዝየ በ1772 አልማዝን በትልቅ ሌንስ በፀሐይ አቃጠለ። በ1797 ደግሞ እንግሊዛዊው ቴናንት አልማዝ ካርቦን ብቻ እንደሆነ አሳየ። «ከሰል ከሆነማ እንሥራው!» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ግን አልተሳካም።

በ1953 አሴአ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ተሳካለት፤ ግን ዝም አለ። በታኅሣሥ 1954 ጀነራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ትሬሲ ሆል እሱ በነደፈው መጭመቂያ አልማዝ አወጣ፤ ኩባንያው በየካቲት 1955 ለዓለም አወጀ። ሆል ለዚህ የተሰጠው ጉርሻ የ10 ዶላር የቁጠባ ቦንድ እንደነበር ይነገራል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል ይህን ነው!

አንድ ልጨምር። ከሆል ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በዚያው ኩባንያ ኸርበርት ስትሮንግ አልማዝ አግኝቻለሁ ብሎ ነበር። ወደ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1993፣ የዚያው ቡድን ሰዎች ድንጋዩን በአዲስ መሣሪያ መርምረው የተፈጥሮ አልማዝ ስባሪ ሆኖ አገኙት፤ እውነቱንም በሳይንስ መጽሔት አወጡት። ከጻፉት አንዱ ስትሮንግ ራሱ ነው። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያኮራው ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ለመሰርሰሪያና ለመሞረጃ የሚሆኑ ደቃቅ ድንጋዮች ነበሩ። ለጌጥ የሚሆን በ1970 መጣ። ዛሬ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኤችፒኤችቲ ይባላል፤ ከ50 ሺህ በላይ የከባቢ አየር ግፊትና ከ1,300 ዲግሪ በላይ ሙቀት፣ ካርቦኑን በቀለጠ ብረት ውስጥ አሟሙቶ በትንሽ የአልማዝ ዘር ላይ ማሳደግ። ሁለተኛው ሲቪዲ ነው፤ ሚቴንና ሃይድሮጅን በተሞላ ክፍል ውስጥ ካርቦኑ በዘሩ ላይ እንደ ጤዛ ንብርብር ሆኖ ያድጋል። በሁለቱም ጊዜው የሚቆጠረው በቀናትና በሳምንታት ነው። አረንጓዴ ሲፈለግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካደገ በኋላ በኤሌክትሮን ይመታል።

ስለዚህ አክስትየዋ «የፋብሪካ ነው» ሲሉ እውነታቸውን ነው። «ውሸት ነው» ቢሉ ግን ተሳስተዋል። ካርቦኑ ካርቦን ነው፤ ጥንካሬው ያው፣ ብልጭታው ያው። የውሸት የሚሆነው የላብራቶሪውን «የተፈጥሮ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ነው።

ስምና ዋጋ

በ2018 ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን «አልማዝ» ለሚለው ቃል ከሰጠው ትርጉም ውስጥ «የተፈጥሮ» የሚለውን አወጣ፤ የላብራቶሪ መሆኑ በግልጽ ይነገር የሚለውን ግን አጸና። በዚያው ዓመት ደ ቢርስ፣ የተፈጥሮ አልማዝን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሸጥ የኖረው ኩባንያ፣ ላይትቦክስ ብሎ የላብራቶሪ አልማዝ በካራት 800 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ነጩም፣ ሮዙም፣ ሰማያዊውም እኩል 800። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ይህ ጌጥ ነው፣ ሀብት አይደለም። ከዚያ ወዲህ አምራቹ በዝቶ ዋጋው ወረደ፤ ላይትቦክስ ራሱ በ2025 እንደሚዘጋ ተነገረ።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። እናቶቻችን ወርቅ የሚገዙት ለጌጥም ለክፉ ቀንም ነው፤ ሲቸግር ወርቅ ቤት ወስደው በግራም ይሸጡታል። የላብራቶሪ አልማዝ እንዲህ አያገለግልም። መልሶ የሚገዛችሁ ብዙ ሰው የለም፤ ቢገኝም በገዛችሁበት አይወስደውም። ወዳችሁት፣ ልታደርጉት ግዙ። ለክፉ ቀን ከሆነ ወርቁን ግዙ።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ

1) ወረቀቱን አንብቡ። ሁለት ነገር ለየብቻው መጻፍ አለበት፤ ድንጋዩ በላብራቶሪ ያደገ መሆኑ፣ ቀለሙ ደግሞ ካደገ በኋላ በጨረር የተሰጠ መሆን አለመሆኑ። ሻጩ ሁለተኛውን ስትጠይቁት ከተቅለሰለሰ ሌላ ቤት ሂዱ። የወረቀቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ በሌዘር ይጻፋል፤ በማጉያ አሳዩኝ በሉ።

2) የቀለሙን ስም ከኋላ አንብቡ። «ሰማያዊማ አረንጓዴ» ከተባለ ዋናው አረንጓዴ ነው፤ «አረንጓዴማ ሰማያዊ» ከተባለ ዋናው ሰማያዊ ነው። ለአረንጓዴ ብላችሁ ከፍላችሁ ሰማያዊ እንዳትወስዱ። ግራጫ የተቀላቀለበት ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ይላል።

3) ከሱቁ መብራት ወጥታችሁ እዩት። በመስኮት በኩል፣ በቀን ብርሃን። የሱቅ መብራት የተዘጋጀው ድንጋይን ለማሳመር ነው። ጥቁር እስኪመስል የጠቆረ አረንጓዴ ማታ ማታ ጣታችሁ ላይ ጭራሽ አይታይም።

4) ሁለቱን ካራት አታምታቱ። የወርቅ ካራት ንጽሕና ነው፤ የአልማዝ ካራት ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም። እኛ የለመድነው 21 ካራት ወርቅ ያማረ ቢሆንም ለስላሳ ነው። ድንጋዩን የሚይዙት ትንንሽ ጥፍሮች ጠንካራ እንዲሆኑ 18 ወይም 14 ካራት ይሻላል።

5) ብረቱን ከቀለሙ ጋር አስማሙ። ቢጫ ወርቅ ለድንጋዩ ሙቀት ይሰጠዋል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ያምርበታል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው በነጭ ወርቅ ወይም በፕላቲነም ጎልቶ ይወጣል።

6) ይህን ከሁሉ በላይ ያዙት፤ እሳት! ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ እነዚያ ባዶ ቦታዎች መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ ቀለሙም ይለወጣል። እንደ ድንጋዩ ዓይነት ወደ ቢጫ፣ ወደ ቡናማ፣ አልፎ ወደ ሮዝ ሊሄድ ይችላል። የወርቅ ብየዳ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ቀለበት ልታስጠብቡ ወይም ልታሰፉ ስትሄዱ ለወርቅ ሠሪው «ይህ በጨረር የተቀለመ አልማዝ ነው፤ መጀመሪያ ድንጋዩን አውጣልኝ» በሉት። ነጭ አልማዝ የለመደ ወርቅ ሠሪ ሳያውቅ በእሳት ሊያልፍበት ይችላል። አንዴ ከተለወጠ ደግሞ እቤት የሚመልሱት አይደለም። ለማጽዳት ግን ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

7) ለአረንጓዴነቱ ብቻ ከሆነ አገራችሁንም አስቡ። ከጉጂ፣ ከሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው መረግድ፣ ፈረንጆቹ ኤመራልድ የሚሉት፣ ከ2016 ወዲህ በዓለም ገበያ ስም አውጥቷል። ከአልማዝ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስንጥቁ በዘይት የተሞላ መሆን አለመሆኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ግን አረንጓዴው የራሱ ነው፤ የጨረር ጣጣም የለበትም።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የድሬስደኑን ድንጋይ ያከበረው ማንም በማያጠራጥር ሁኔታ ታሪኩ ተጽፎ መቆየቱ ነው። የእናንተም ድንጋይ ያው ነው። ላብራቶሪ ያድግ፣ ከመሬት ይውጣ፣ የመጣበትን ሳይደብቅ የተናገረላችሁን ሻጭ ፈልጉ። ወረቀቱንም ከቀለበቱ ጋር አስቀምጡት፤ ነገ ልጆቻችሁ «ይህ ከየት መጣ?» ሲሉ የሚነገራቸው እውነት እንዲኖር።

ሙሽሮች፣ ቀለበት ልታስሩ ያሰባችሁ፣ መልካም ዕድል። የወርቅ ሥራ ሙያ ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ ስለ ብየዳው የምትጨምሩት ካለ ከታች ጻፉልን፤ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ቀለበት ልታሰፋ የምታስብ ዘመድ ካለቻችሁም ወርቅ ቤት ከመሄዷ በፊት ሼር አድርጉላት።